ሥዕሉ የሚጠይቀው፦ ሥዕልና አጭር ትረካ በሐይቅና በአምባሰል

አንድን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ መነሻ አድርጎ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ የሚያልቅ ትረካ መጻፍ በአሁኑ ጊዜ በሥነ ጽሑፍ ማሠልጠኛዎችም ሆነ በትምህርት ቤት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የታወቀ ልምምድ ነው። እጅግ አጭር ልብ ወለድ የሚባለው ይህ የጽሑፍ ዐይነት አንድ ድርጊት፣ አንድ ወይም ሁለት ባለታሪክና አንድ ያልታሰበ መታጠፊያ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ቦታውንና መልኩን ሥዕሉ አስቀድሞ ስለሚሰጥ ጸሐፊው ገለጻ ሳያበዛ በቀጥታ ወደ ድርጊቱ ይገባል። ልምምዱ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በአምባሰሏ ግሸን ማርያም ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት ሥዕልና አጭር ትረካ ቢያንስ ከ600 ዓመት በፊት ጀምሮ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ አንዱ ሌላውን ሲያስነሣና ሲያሳጥር እንደቆዩ ያሳያሉ።

እዚህ ላይ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በነዚህ መጻሕፍት ያሉት ትረካዎች ለጻፏቸውና ለሚሰሟቸው ምእመናን ልብ ወለድ አይደሉም፤ ተአምር፣ ማለትም የእግዚአብሔር ወይም የቅዱሳን ኀይል የተገለጠበት ድርጊት ምስክርነት ናቸው። ይሁንና የአተራረክ ስልት ከእምነቱ ይዘት ተለይቶ ሊጠና ስለሚችል፣ ተአምርን የሚያህል በጥቂት ዐረፍተ ነገር ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ከሥዕል ጋር የተጣበቀና ለረጅም ዘመን የተሠራበት የትረካ ዐይነት በኢትዮጵያ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቅ የሚለው ቃል በግዕዝ ባሕርንም የባሕር ዳርቻንም የሚያመለክት ሲሆን፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማም ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ውሃ ነው። ገዳሙ የቆመበት ሥፍራ ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ኋላ ከየብስ ጋር ተያይዞ ወደ ውሃው ገባ ያለ ምላስ መሬት ሆኗል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው በ1248 ገደማ ወደዚህ ከመጡ በኋላ ሥፍራው የምንኩስናና የትምህርት ማዕከል ለመሆን በቃ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚህ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የገዳሙ አለቆች «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ ይህም ቃል በቃል «ሰዓት ጠባቂ» ማለት ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከነበሩት የቤተ ክህነት ሹመቶች ከፍተኛ ከሆኑት የሚቆጠር ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ድረስ የተፈራረቁትን የገዳሙን አለቆች ታሪክ ሲያጠኑ፣ ከምንጮቻቸው ዋናዎቹ በዚሁ ገዳም መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፉ አጫጭር ማስታወሻዎች ነበሩ።

ከነዚህ መጻሕፍት ታላቁ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው በ1280 ወይም በ1281 ያጻፉት አራቱ ወንጌል ነው። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲያነሣ በነበረው ፕሮጀክት ውስጥ መጽሐፉ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ተመራማሪዎችም የሚያውቁት ይበልጡን በዚህ ቁጥር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የወንጌላውያንና የቅዱሳን ሥዕሎች ሲኖሩ፣ የኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕልም ከነስማቸው ተሥሎ ይገኛል። የሕይወት ታሪካቸው፣ ማለትም ገድላቸው፣ አሁን በሚታወቅበት መልክ የተጻፈው እሳቸው ካረፉ ከረጅም ዘመን በኋላ መሆኑ ሲታሰብ የነገሩ ቅደም ተከተል ትኩረት ይስባል። መጀመሪያ የነበረው መልክና ስም ነው፤ ቆመው የሚታዩ አንድ መነኩሴ፣ አጠገባቸው የተጻፈ ስማቸው፣ ሌላ ምንም። እኚህ ሰው ማን ነበሩ፣ ከወዴት መጡ፣ በዚህ ደሴት ምን አደረጉ የሚለውን ጥያቄ ወንጌሉን የገለጠ ወጣት ደቀ መዝሙር ሁሉ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበለው ቆይቶ በጽሑፍ ሰፍሯል። ገድሉ ከዚህ ሥዕል ብቻ ተወለደ ማለት ማጋነን ይሆናል። ሥዕሉ ጥያቄውን ክፍት አድርጎ እንዳቆየው ግን መጠራጠር ይከብዳል።

የዚያ ዘመን ሠዓሊ ሆን ብሎ የሚያጎድለው ነገርም ነበር። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተሣሉ አንዳንድ የኢትዮጵያ ወንጌሎች ውስጥ የስቅለቱ ሥዕል የተሰቀለውን አያሳይም። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ ተሰቅለው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው መስቀል ግን በጌጥ ያሸበረቀና ባዶ ሲሆን፣ ከበላዩ በግ ተሥሏል። ሥዕሉን የሚያየው ሰው ዐይኑ በልማድ ወደ መካከል ይሄዳል፤ በዚያ የሚጠብቀውን አካል ያጣል፤ ስለዚህም የጎደለውን ከሰማው ወንጌል አምጥቶ ራሱ መሙላት ግድ ይሆንበታል። የዚህ አሣሣል ምንጭ ከኢየሩሳሌም ቅዱሳት መካናት ጋር የተያያዘ ጥንታዊ የክርስትና ሥዕል ልማድ መሆኑን የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ለትረካ ታሪክ የሚበጀው ፍሬ ነገር ግን ሥዕሉ ሁሉን ሳይናገር የተመልካቹን ቃል መጠበቁ ነው፤ ዛሬ ለጀማሪ ጸሐፊ የሚመረጠው ጥሩ መነሻ ሥዕልም አንድ ነገር የጎደለው ሥዕል ነው።

በብዙ ሥዕሎች ራስጌ ወይም ግርጌ አንድ መስመር ጽሑፍ ይገኛል። ጽሑፉ ዘወትር «ዘከመ» በሚለው የግዕዝ ቃል ይጀምራል፤ ፍቺውም «እንዴት እንደ» ማለት ነው። እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንደ ተገለጠችለት፣ እንዴት እንደ ዳነ እያለ ቃሉ ግስ ይጠራል፤ ያለ ድርጊትም ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም። በመሆኑም ይህ መስመር ሥዕሉ ማንን እንደሚያሳይ ከመጠቆም አልፎ ምን እንደተደረገ የሚናገር፣ በአምስት ወይም በስድስት ቃል የተፈጸመ ትረካ ነው። ሰንሱል በሚባለው፣ ብራናው እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ በሚሠራው የሥዕል መጽሐፍ ላይ ደግሞ ዋናው ሥዕሉ ሲሆን ቃሉ እነዚህን አጫጭር መስመሮች አያልፍም፤ ሰንሱሉን የሚዘረጋው ሰው ከእጥፋት ወደ እጥፋት ሲሄድ በመካከሉ ያለውን ታሪክ በአፉ እየሞላ ያልፋል።

ከሐይቅ ወደ ግሸን ሲታለፍ የመጽሐፉም ጠባይ ይለወጣል። ግሸን በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። ነገሥታቱ ወንድ ዘመዶቻቸውን ለዙፋን እንዳይነሡባቸው በዚህ ሲያስቀምጡ ለ200 ዓመት ያህል ኖረዋል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከአገሩ ሁሉ ወጥተው የሚያከብሩትም ደብር ይኸው ነው። በዚህ ደብር ከተጠበቁት መጻሕፍት አንዱ ለዐፄ ዳዊት፣ ከ1382 እስከ 1413 ለነገሡት፣ የተዘጋጀው ተአምረ ማርያም ነው። በ1400 ገደማ የተሠራው ይህ መጽሐፍ በወርቅ የተጌጠ ሲሆን፣ ከሚታወቁት ሥዕል ያላቸው የተአምረ ማርያም ቅጂዎች ቀደምት ከሆኑት የሚቆጠር ነው። ንጉሡም በእመቤታችን ፊት ሆነው በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ተሥለዋል፤ ስለ ተአምሯ የሚነገረውን የሚሰማው ሰው በሥዕል ከትረካዎቹ ጎን መቀመጡ ነው።

ተአምረ ማርያም በመነሻው የአንድ አገር መጽሐፍ አይደለም። የትረካዎቹ አንድ ክፍል በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ተሰብስቦ፣ በ13ኛው ወደ ዐረብኛ ተመልሶ፣ ከዚያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ የገባ ነው። በኢትዮጵያ ግን ስብስቡ እንደመጣ አልቀረም። የአገሩ ጸሐፍት የአገሩን ሰዎች፣ ነገሥታትና ገዳማት የሚያነሡ አዳዲስ ተአምራት እየጨመሩ አሳድገውታል፤ ዛሬ በግዕዝ የሚታወቁት ትረካዎች ብዛት ከ1,000 ያልፋል። የዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ ተአምሩ በእመቤታችን በዓላት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ሥዕሏም እንዲከበር ሥርዐት ሠሩ። በዚህ ሥርዐት ንባብና ሥዕል የአንድ አምልኮ ሁለት እጆች ሆኑ።

የትረካዎቹ ማጠር ከዚህ የንባብ ሥርዐት ጋር የሚስማማ ነው። ተአምር የሚሰማው ሕዝብ ቆሞ ነው የሚሰማው፤ ጸሎቱና ቅዳሴውም ረጅም ነው። በአንድ በዓል ጥቂት ተአምራት ተነበው እንዲያልቁ እያንዳንዱ በአንድ ትንፋሽ ሊባል በሚችል መጠን ማጠሩ ይበጃል። ብራናውም ቆጣቢነትን ያስተምራል፤ ቆዳው ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ለብርዕ እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቀው ድካም ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ፍየል የምትሰጠው ቅጠልም ጥቂት ስለሆነ፣ ጸሐፊው ቃል የሚያባክንበት ሥፍራ የለውም። ስለዚህ የተአምር ባለታሪክ የትውልድ ሐረጉ አይቆጠርም፤ «አንድ ሰው ነበረ» ከተባለ በኋላ ወዲያው ኀጢአቱ ወይም መከራው ይነገራል፣ ከዚያ መታጠፊያው ይመጣል፣ ትረካው ያልቃል። በብዙ ቅጂዎች ላይ በየተአምሩ መጨረሻ አምስት ስንኝ ያለው አርኬ ይጨመራል፤ እዚያ ላይ ያው ታሪክ እንደገና ተጨምቆ በአምስት መስመር ይባላል። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ፣ በሥዕል፣ በትረካና በስንኝ፣ እያንዳንዱን ጊዜ በራሱ ልክ መናገር የሚችል መጽሐፍ ነው።

የዚህን ጥበብ ልክ ለማየት የበላዔ ሰብእን ታሪክ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። በላዔ ሰብእ «ሰው በላ» ማለት ነው። ቅምር በሚባል አገር የነበረው ይህ ሰው ቤተ ሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ ከበላ በኋላ በመንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ያገኛል፤ ለምጻሙ በብዙ ስም ቢለምነው አይሰማውም፣ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በሞተ ጊዜ የበላቸው ነፍሳት በሚዛኑ አንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላው ወገን ይቀመጣል፤ የእመቤታችን ጥላ በውሃው ላይ ሲያርፍ ውሃው ይመዝናል። ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነው። በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የካቲት 16 ቀን፣ ከሚታሰቡት አንዱ ሲሆን፣ በወሎም ሆነ በሌላው አገር በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ይሣላል።

ሠዓሊው ይህን ታሪክ ሲሥል ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይመርጣል፦ ሰው በላው በመብሉ ላይ፣ ውሃውን ሲሰጥ፣ ሚዛኑ። ስለ ቅምር አገር፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ፣ ስለሄደበት መንገድ ርዝመት ሥዕሉ ዝም ይላል። ሚዛኑ ላይ ግን ይቆያል። በአንደኛው ወገን የታጨቁት ራሶች በቁጥር ብዙ ሆነው ይታያሉ፤ በሌላው ወገን ያለው ግን ትንሽ፣ ውሃ ስለሆነም ለመሣል የሚያስቸግር ነገር ነው። ይህን ተአምር የማያውቅ ሕፃን እንኳ ሥዕሉን ሲያይ «ይኼ ትንሹ ለምን ከበደ?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ የታሪኩን ልብ የሚያነሣው ጥያቄ ከተመልካቹ ይመጣል፤ ተራኪው የሚጠበቅበት መልሱን በተቻለ መጠን አጭር አድርጎ መስጠት ብቻ ነው። በየደብሩ ለልጆችና ለእንግዶች የግድግዳውን ሥዕል እያሳዩ የሚያስረዱ ካህናት ለዘመናት የሠሩት ይኸንኑ ነው፤ እንዲህ ያለው የቃል ትረካ በብራና ላይ ባለመስፈሩ ብቻ ከሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውጭ መቅረቱ ትልቅ በደል ነው።

ሥዕል የትረካው መነሻ ብቻ ሳይሆን ዋና ባለታሪክ የሚሆንበት ጊዜም አለ። መስከረም 10 ቀን የሚታሰበው የጼዴንያ ሥዕል ታሪክ እንዲህ ነው፦ ማርታ የምትባል ሴት አንድ መነኩሴ ከኢየሩሳሌም የእመቤታችንን ሥዕል ገዝቶ እንዲያመጣላት ትለምነዋለች፤ እሱ ይረሳል፣ ሲያስታውስ ይገዛል፣ ሥዕሉም በመንገድ ከአደጋ ያድነዋል፣ ተአምሩን ሲያይ ለራሱ ሊያስቀረው ይመኛል፣ በመጨረሻም ሥዕሉ ወደ ታዘዘለት ቤት ይደርሳል። አንድ መነኩሴ በሰው ሥዕል የተፈተነበት ይህ ትረካ፣ ሥዕል በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይናገራል። ከዚህ ጋር የሚዛመደው መልክእ የተባለው የግዕዝ ድርሰት ነው። መልክእ «መልክ፣ ምስል» ማለት ሲሆን፣ ደራሲው ቅዱሱን ወይም ቅድስቲቱን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በዐይኑ እየተከተለ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል አምስት ስንኝ ያለው ሰላምታ ያቀርባል፤ በሥዕል ፊት የቆመ ሰው የዐይን ጉዞ በግጥም ተጽፎ ማለት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው የዚህ ልማድ ወንድም በሰው አካል ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጃል፤ በራስጌው ሥዕል ወይም ጠልሰም ይሥላል፤ ከሥሩም ጸሎቱንና አጭር ታሪክ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው። ዌርዝልያ የምትባል ክፉ ሴት ልጁን ትገድላለች፣ እሱ በፈረስ ተከትሎ በጦር ይወጋታል። በፈረስ ላይ ያለው ጦረኛና ከሥሩ የወደቀችው ሴት በአንድ ሥዕል ሲታዩ፣ ታሪኩ ደግሞ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ባለቤቱ ማንበብ ባይችልም ሥዕሉን ያውቃል፤ ታሪኩንም ከጸሐፊው አፍ ሰምቶ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ሀብት በሰላም አልተጠበቀም። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ንብረት ወሰደ፤ ግሸንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ጦርነት ተደፈረ። በ1868 ደግሞ ከአምባሰል ብዙም ከማይርቀው ከመቅደላ አምባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ለንደን ገቡ፤ ሌሎችም ወደ ግለሰቦች እጅ ተበተኑ። ሌዲ ሚዩ የተባሉት እንግሊዛዊት ባለጸጋ እጃቸው የገቡትን ሥዕል ያላቸው ተአምረ ማርያሞች በ1900 በምሁሩ በዋሊስ በጅ አዘጋጅነት አሳትመው፣ ኋላም በኑዛዜያቸው ለዐፄ ምኒልክ ቢሰጧቸውም ኑዛዜው አልተፈጸመም። ከጦርነቱ ዝርፊያ ያላነሰ የሚያንገበግበው ግን ሥዕሉን ከጥራዙ ቆርጦ ለብቻው መሸጥ ነው። ቅጠሉ በሄደበት አገር በመስተዋት ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ትረካው ያለበት ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ይቀራል። የሚያየው ሰው ሚዛን፣ ሴት፣ የታጨቁ ራሶች ያያል፤ ለምን ትንሹ እንደከበደ የሚነግረው ግን የለም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ልማድ አማርኛ ተናገረ። ከአዲስ አበባ የሥዕል ገበያ በሸራ ላይ እየተሠራ የተሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ያህል አነስተኛ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር አማርኛ የተጻፈበት ነው፤ የ«ዘከመ» መስመር በሌላ ቋንቋ መቀጠሉ ነው። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነውን «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ቀድመው ሠዓሊ ነበሩ፤ ወደ ኢጣሊያ የሄዱትም ሥዕል ሊማሩ ነው። የሥዕልና የትረካ ቤት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መገናኘቱ በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም።

ግሸንንና ሐይቅን ጨምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን የተአምር መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሌላ ዐይነት ገጽ ያጋጥመዋል። ጸሐፊው ተአምሩን በጥቁር ቀለም ጽፎ፣ የእመቤታችንን ስም በቀይ አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ ለሠዓሊው ቦታ ትቶለታል፤ ሠዓሊው ግን ሳይመጣ ቀርቷል፣ ወይም የመጽሐፉ ባለቤት ለቀለም የሚከፍለው አጥቷል፣ ወይም ሞት ቀድሞታል። ብራናው ነጭ ሆኖ፣ የቆዳው ጠጉር ሥር በነጥብ በነጥብ እየታየ፣ ከጎኑ ያለውን አጭር ትረካ ብቻ ይዞ ይጠብቃል።